አዳማ ድረስ ጣሪያ ለማየት

ሱሉልታ በኩል ሦስት ፈረሶች አሉኝ። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይጋልባቸዋል። ከቦታ ቦታ ለመውሰድ እስካሁን አይሱዙ ነበር የምከራየው፤ ባለፈው ግን ባዝራዋ ስትወርድ ተንሸራታ ጉልበቷ ተላጠና ሁለት ወር ቆመች። ከዚያ በኋላ ለደላላ ሁሉ ተናገርኩ። አንዱ ፎቶ ላከልኝ፦ ሁለት ፈረስ የሚይዝ፣ በፒክአፕ የሚጎተት የአሉሚኒየም ተሳቢ፣ አዳማ ያለ። «ፀዴ ነው፣ ዝገት የሚባል ነገር አያውቅም» አለኝ።

አጎቴ ባትላሜራ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ነው የኖረው። ፎቶዎቹን አሳየሁት። አንድ በአንድ አያቸውና «ጎኑን አንስተዋል፣ በሩን አንስተዋል። ጣሪያውስ?» አለኝ። በማግስቱ ከቃሊቲ ሚኒባስ ይዘን ወረድን።

በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ምንም ማለት አይደለም፤ ወሬ ሳንጨርስ የነፋስ ማመንጫዎቹ ብቅ አሉ። አጎቴ እያያቸው «ይሄ ሁሉ ነፋስ አቧራውን የት የሚጥለው ይመስልሃል?» አለ። አልገባኝም ነበር።

ተሳቢው አንድ ግቢ ውስጥ ግራር ሥር ቆሟል። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አክብረው ተቀበሉን፣ ቡና ይፈላ አሉ። ከሩቅ ሲያዩት እውነትም ያምራል፤ ታጥቧል፣ ያበራል። አጎቴ ጎኑን ዞር ብሎ እንኳን አላየውም። «አባባ፣ መሰላል ይኖራል?» አላቸው። ደላላው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ላይ ስንወጣ ሌላ ዕቃ ነው የጠበቀን። የግራር ቅጠልና አቧራ አንድ ላይ ጋግረው በጠርዙ በኩል ያለውን መጋጠሚያ ሞልተውታል። አጎቴ በጥፍሩ ጫረው። ደረቅ ወር ላይ ሆነን እንኳ ሥሩ እርጥብ ነበር። እዚያ ጋ ነው የሚያልቀው፤ አሉሚኒየም ራሱ ቀይ ዝገት አያወጣም፣ ነገር ግን የብረት ቪቴ ከገባበትና እርጥበት ከቆየበት ሁለቱ ብረቶች ይጣላሉ፣ ተሸናፊው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። ምልክቱ ነጭ ዱቄት ነው። በሦስት ቪቴዎች ዙሪያ ዱቄቱን በጣቴ አነሳሁት፣ ልክ እንደ ኖራ።

ከዚያ ሪቬቶቹን፣ ላሜራውን ከላሜራ አጣብቀው የሚይዙትን ምስማሮች፣ አሳየኝ። አብዛኞቹ ንጹሕ ናቸው። ከኋላ በኩል ያሉት አምስቱ ግን ዙሪያቸው ጥቁር ቀለበት አላቸው፣ ከቀለበቱም ጥቁር መስመር ወደ ታች ወርዷል። «ያጨሳሉ» አለ አጎቴ። ሪቬት ሲላላ ተሳቢው በሄደ ቁጥር ይፋተጋል፣ የሚፋተገው አሉሚኒየም ደቅቆ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አንዱን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ዞረ። የላላ ሪቬት የሚዞር መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት፤ እስካሁን እንኳን ተሳቢ ላይ፣ ድስት ላይም ልብ ብዬው አላውቅም።

ዋናው ጉድ ግን ፊት ለፊት፣ ጥጉ ላይ ነበር። ካትራሜ፣ ያንን ጥቁር ሬንጅ፣ ቀብተውታል! በካትራሜው ላይ ደግሞ ሲልከን፣ በሲልከኑ ላይ ሌላ ሲልከን። ሲልከን በአሮጌ ሲልከን ላይ በደንብ አይያዝም፤ መጀመሪያ ሁሉም ተፍቆ መውጣት አለበት። አንድ ሜትር አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 0.023 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፣ ብረት ከሚለጠጠው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሦስት ሜትር ጣሪያ በአዳማ ፀሐይ ተግሎ ሌሊት 50 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ይሳባል። የደረቀ ካትራሜ ይህን እንዴት ይችለዋል? ይሰነጠቃል፣ ውሃውንም ከሥሩ አስገብቶ ይይዘዋል። እኔን ያናደደኝ ማፍሰሱ አይደለም፤ የሚያፈስ ይደፈናል። ቀብቶ «ዝገት አያውቅም» ማለት ነው ያናደደኝ።

«ግባና በሩን ዝጋ» አለኝ አጎቴ። ገባሁ። ቀትር ነው፣ ምጣድ በለው። ጨለማ ውስጥ ጣሪያውን ሳየው እንደ ኮከብ ሁለት ቀዳዳ አበራ፣ ሁለቱም ከሚያጨሱት ሪቬቶች ጎን። ከዚያ አጎቴ ሁለት ጀሪካን ውሃ አስመጥቶ ከላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ጀመረ። እኔ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ደላላው ከውጭ «አየህ!» ይላል። ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ አንድ ጠብታ አንገቴ ላይ አረፈች፣ እሷም ከቀዳዳው ሥር ሳይሆን አንድ ክንድ ያህል ርቃ። ውሃ በገባበት አይወርድም፣ የጣሪያውን አግዳሚ ተከትሎ ሄዶ በፈለገው ቦታ ይንጠባጠባል። ያ ቦታ ድርቆሽ የሚቀመጥበት ነው። የሻገተ ድርቆሽ የበላ ፈረስ ምን እንደሚሆን የፈረስ ሰው ያውቃል።

በዚህ መሀል አንድ ባለጋሪ ፈረሱን በር ላይ አቁሞ ያየናል። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ፈረስ የሚጫንበት ነው አልነው። ፈረሱን አየ፣ ተሳቢውን አየ። «እኛ ጋ እኮ የሚጎትተው እሱ ነው» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ባለቤቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ቡናው ላይ ነው ድርድሩ የተጀመረው። ወለሉን አየነው፣ ጣውላው ደህና ነው። ቻሲው ደህና ነው። ጎማው ያረጀ ነው፣ እሱ ቀላል ነው። አጎቴ ጣሪያው ምን እንደሚፈልግ በጣቱ ቆጠረላቸው፦ ካትራሜው ተፍቆ ይወጣል፣ የብረት ቪቴዎቹ በሙሉ ይቀየራሉ፣ አምስቱ ሪቬቶች ተቦርቡረው ወፈር ባለ ይተካሉ፣ መጋጠሚያው በፖሊዩሪቴን፣ ደርቆም በሚለጠጥ ማሸጊያ፣ ይደፈናል እንጂ በሲልከን አይደለም። «የሳምንት ሥራ ነው፣ አባባ። ይህን ከዋጋው ያውርዱልን።»

«እኔ አይደለሁም የቀባሁት፣ እንዲሁ ነው የገዛሁት» አሉ። አመንኳቸው። መሰላሉን ሲያመጡ ከኛ እኩል ነበር ወደ ላይ ያዩት። ዋጋው ላይ ግን ንቅንቅ አላሉም፣ እኛም አመስግነን ወጣን።

ሞጆ ሳንደርስ ስልኬ ጠራ። ደላላው ነው። አጎቴ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ «ቢሾፍቱ ስንደርስ ታነሳዋለህ» አለኝ።