የተቋረጠው ነጭ መስመር

ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነኝ። ሰፈሩ ገና በግንባታ ላይ ስለሆነ ከመወጣጫ የወደቀ ሠራተኛ ሳናይ የምንውለው ቀን ጥቂት ነው። አንድ ቅዳሜ ማምሻውን አንድ ለሳኝ ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ደግፎ ከባለቤቱ ጋር መጣ። ትከሻው ወደ ፊት ወልቋል። ጎረቤቶች ወጌሻ ዘንድ ይሂድ ቢሉም እሷ እምቢ ብላ ወደ እኛ አመጣችው። ያመነችን ሴት ናት፤ የሚቆጨኝም ለዚህ ነው።

ከፊት ለፊት የተነሣውን ራጅ አየሁ። ማስታገሻ ሰጥቼ ክንዱን ቀስ አድርጌ ስስበው ትከሻው ወደ ቦታው ገባ። ነርቩ እንዳልተጎዳ አረጋግጬ፣ ክንዱን በማንጠልጠያ አስሬ ሸኘሁት። ሁለተኛ ራጅ ግን አላዘዝኩም። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ወጪ የቀነስኩለትም መስሎኝ ነበር።

በ12ኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ማንጠልጠያውን ፈትቶ ጋቢ ሊደርብ ክንዱን ሲያነሣ ትከሻው እንደገና ወልቋል። በዚህ ጊዜ መልሼ ካስገባሁ በኋላ በብብት በኩል ራጅ አስነሣሁት፤ ቀጥሎም ሲቲ ስካን። የትከሻው ጉድጓድ የፊትና የታች ጠርዝ ተሰብሮ ቁራጩ ወደ ውስጥ ተንሸራቷል፤ ከጉድጓዱ ስፋት አንድ አምስተኛ ይሆናል። ይህ ጉድጓድ ከመነሻውም ጥልቀት የለውም፤ የክንዱ አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ጀበና በማቶት ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ማቶቱ በአንድ ጎኑ ከተቦደሰ ጀበናው በዚያው በኩል ይወድቃል።

አስተማሪዬ ለነበሩ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ደወልኩ። «ዛሬውኑ ላከው» አሉኝ፤ ቁራጩ ሳምንታት ካለፉት በተንሸራተተበት ይያዛል፣ ወይም እየሟሸሸ ይሄዳል።

«ዶክተር፣ ትከሻውን ሊከፍቱት ነው?» አለች ባለቤቱ።

እንደማይከፍቱት ነገርኳት። ትልልቅና ብዙ ቦታ የደቀቁ ስብራቶች ዛሬም ተከፍተው ይጠገናሉ፤ የእሱ ግን በመሣሪያ ሊደረስበት የሚችል ነበር። ቀዶ ሐኪሙ እንድገባ ፈቀዱልኝ። ከአንድ ሴንቲሜትር ባነሱ ሦስት ቀዳዳዎች ገቡ። በአንዱ 4 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያላት ካሜራ፣ በሌሎቹ ደግሞ መሣሪያዎቹ። መገጣጠሚያው በጨው ውኃ ተነፍቶ ሁሉ ነገር በስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁራጩን ከተጣበቀበት አላቀው ወደ ቦታው መለሱት፤ በጠርዙ ላይ ትናንሽ መልህቆችን፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚገቡ ባለ ክር ማያዣዎችን፣ ተክለው በክራቸው ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ከፊት ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ትከሻውን ከፊት የሚደግፈው ጡንቻ ይነካ ነበር። እጁ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስድስት ሳምንት በማንጠልጠያ፣ ከዚያ ወራት የፈጀ የፊዚዮቴራፒ ልምምድ። በሰባተኛው ወር ወደ ልስኑ ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ፊልም አስቀምጬዋለሁ። አዲስ ሐኪሞች ሲመጡ ከመብራቱ ፊት እሰቅለውና የጉድጓዱን ጠርዝ በጣታቸው እንዲከተሉ አደርጋለሁ። ከላይ የሚወርደው ነጭ መስመር ታች ሲደርስ ይቋረጣል። ያን ቅዳሜም እዚያው ነበር።