መጀመሪያ ከሰሉን በወንፊት ንፉት

ጎንደር ውስጥ ከአሸዋ ብረት አወጣለሁ ብዬ ሁለት ወር ፈጀሁ። ምድጃውን በጭቃና በጤፍ ጭድ አቆምኩት፤ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ጥቁሩን አሸዋ ከወንዝ ዳር በማግኔት ለቀምኩ። ለእሳቱ ፈቃድ ብጠይቅ አንድ ቢሮ ሦስት ቀን አመላልሶኝ «ይሄ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ይሁን።

ጉድ የሠራኝ ከሰሉ ነው። ከቅዳሜ ገበያ አራት ማዳበሪያ ገዛሁ፣ ርካሹን። ያነበብኩት መመሪያ «አመዱ ይነስ፣ ካርቦኑ ይብዛ» ነው የሚለው። ስለ ጥንካሬው ማን ተጨነቀ! ከነብናኙ ገለበጥኩት።

አንድ ሰዓት ጥሩ ነደደ። ከዚያ የንፋሱ ማሽን ያቃስት ጀመር። ከላይ የነበረው ሰማያዊ ነበልባል ጠፋ። አሸዋው ደቃቅ ስለሆነ ነው ብዬ በእሱ ፈረድኩ። ሲመሽ የምድጃውን ጎን አፈረስኩት። ፍም ስጠብቅ ጥቁር ዱቄት አገኘሁ። አንዱን ጉማጅ በጣቴ ብጫነው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

ነገሩ የገባኝ ስለ ኮክ ሳነብ ነው። ኮክ ከድንጋይ ከሰል ያለ አየር ተጠብሶ ይሠራል። በትልልቆቹ የብረት ማቅለጫዎች ሥራው ማሞቅ ብቻ አይደለም። ታች ሁሉም ሲቀልጥ ጠጣር ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው፤ ጭነቱን ተሸክሞ ለንፋሱ መንገድ ይተዋል። ግን ሙቀቱ 1000 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበላዋል። ወንፊት ያደርገዋል። ፖታሲየም ካለ ይብሳል፤ የእንጨት አመድ ደግሞ ፖታሲየም አያጣም። ስለዚህ ፋብሪካዎች 200 ግራም ኮክ በ1100 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ለዚሁ ጋዝ ያስበላሉ። ከዚያ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ 600 ዙር አንከባለው ሳይደቅ የተረፈውን ይመዝናሉ። የኔው ከሰል ከማዳበሪያ መውረዱንም አልቻለም።

ጉማጁን ለአንድ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ አሳየሁ። ጠጋ ብለው እንኳ አላዩትም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የቡና ከሰል ነው።»

ቤታቸው ከኔ አምስት ደቂቃ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሰላም ብዬ አልፋቸው ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ እሳቸው የመረጡትን የግራር ከሰል በወንፊት ነፋሁ። ከባቄላ ያነሰውን በሙሉ ጣልኩ። ቡጢዬን የሚያህል ብረት ወጣ፤ ስፖንጅ የመሰለ፣ አስቀያሚ፣ ግን ብረት። መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ እኔ ከሰል የምገዛው ከደረቴ ከፍታ ድንጋይ ላይ ጥዬ ነው። ከተበተነ አልከፍልም። ነጋዴዎቹ አይወዱኝም።

የተረፈውን ርካሽ ከሰል እናቴ ወሰደችው። ለቡና እውነትም ጥሩ ነው።