ስድስት የካርድ አንባቢዎች በአንድ ገመድ

ሥራው አዳማ ውስጥ በሚገኝ የዱቄት ፋብሪካ ነበር። ስድስት በሮች፣ በፈረቃ የሚገቡና የሚወጡ ሠራተኞች፣ ቢሮው ውስጥ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር። በየበሩ በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠራውን አርዲኤም 6300 የተባለ የአርኤፍአይዲ ካርድ አንባቢ ሰቅዬ፣ ማን መቼ እንደገባ ኮምፒውተሩ እንዲመዘግብ ማድረግ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ አንባቢ አንድ የዩኤስቢ መቀየሪያ መደብኩ። ጠረጴዛ ላይ ሠራ። ፋብሪካው ውስጥ ግን ደካማው የ5 ቮልት ምልክት 40 ሜትር ገመድ አቋርጦ ሲደርስ ተበላሽቶ ነበር። በዚያ ላይ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ የወደቦቹን ስም ያቀያይራል፤ በሦስተኛው በር የገባ ሰው በአምስተኛው እንደገባ ይመዘገባል። የሠራተኛው ሰዓት ደመወዙ ነው፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ለማንም ማስረከብ አልፈለግኩም።

ወደ አርኤስ 485 ዞርኩ፤ ይህ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ገመድ ላይ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ የግንኙነት ደረጃ ነው። ምልክቱ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ይጓዛል፤ ተቀባዩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት በመሆኑ፣ ሁለቱንም እኩል የሚነካ ረብሻ አያሳስተውም። በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ድረስ ያገለግላል። ነገር ግን አርዲኤም 6300 ሳይጠየቅ ይናገራል፦ ካርድ ሲቀርብለት ወዲያውኑ 14 ባይት ይለቅቃል። በሁለት በሮች ላይ በአንድ ጊዜ ካርድ ከቀረበ መልእክቶቹ ይጋጫሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አንባቢ ጎን አንድ ትንሽ አርዱዪኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት አነስተኛ ሰሌዳ) አስቀምጬ ተራ ቁጥር ሰጠሁት። የካርዱን ቁጥር ተቀብሎ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ በተራ ቁጥሩ ሲጠራው ብቻ ይመልሳል። በ9600 ቦድ፣ ማለትም በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት፣ 14 ባይት ለማለፍ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ ስድስቱንም ጠይቆ ለመጨረስ ሩብ ሰከንድ አይሞላም።

በሁለት አንባቢዎች ስሞክረው አንድም ስህተት አልነበረም። ስድስቱን ስቀጥል መስመሩ ተዝረከረከ። ሦስት ቀን ፕሮግራሙን ስበትን ከረምኩ። እርግጥ አንድ እውነተኛ ጉድለት አገኘሁ፦ አርዱዪኖው የመጨረሻዋ ባይት ወጥታ ሳታልቅ ወደ መቀበል ይመለስ ስለነበር የመልእክቱ ጫፍ ይቆረጥ ነበር። እርሱን አስተካከልኩ፤ መስመሩ ግን አልዳነም።

የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ አጠገቤ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ ሽቦውን ለክተኸዋል?» አሉኝ። አልለካሁም ነበር። ኃይሉን አጥፍተን መልቲሜትሩን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ስናስገባ 17 ኦም አሳየ። «ጋሼ፣ 60 መሆን ነበረበት» አልኳቸው። ያኔ ገባኝ። አንባቢዎቹንና ኮምፒውተሩን ከመስመሩ ጋር ለማገናኘት የገዛኋቸው የማክስ 485 ሰሌዳዎች እያንዳንዳቸው 120 ኦም ሬዚስተር (ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) ተበይዶባቸው ነው የመጡት። ሬዚስተሩ የሚያስፈልገው በመስመሩ ሁለት ጫፎች ብቻ ነው፣ 120 ለሁለት ሲካፈል 60 ይሆናል፤ እኔ ግን ሰባት ሰሌዳ፣ ስድስቱን የበሮቹንና አንዱን የኮምፒውተሩን፣ በትይዩ አገናኝቼ 120ን ለሰባት አካፍዬዋለሁ። ላኪው እንዲህ ያለውን ጭነት አይችልም። ከመካከሎቹ አምስት ሰሌዳዎች ላይ ሬዚስተሩን ነቀልን፤ መልቲሜትሩ 60 አለ፤ ስድስቱም በሮች መለሱ።

የወፍጮው ሞተር ሲነሳ ግን ማንም ሳይናገር የሐሰት ባይቶች ይመጡ ነበር። ሁሉም ዝም ሲሉ በሽቦዎቹ መካከል የሚቀረው ልዩነት ለተቀባዩ አይበቃውም፤ እርግጠኛ ሆኖ ለማንበብ 200 ሚሊቮልት ይፈልጋል። በኮምፒውተሩ በኩል አንዱን ሽቦ በ560 ኦም ወደ 5 ቮልት፣ ሌላውን በ560 ኦም ወደ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ሳስር 250 ሚሊቮልት ያህል ተገኘ። በሁሉም ሳጥኖች መካከል የጋራ ግራውንድ ሽቦም ዘረጋሁ፤ ሁለት ሽቦ ይበቃል የሚለውን ምክር ከእንግዲህ አልቀበልም። ኃይሉንም በ12 ቮልት ልኬ በየበሩ ወደ 5 ዝቅ አደረግኩት፣ ምክንያቱም 5 ቮልት የመጨረሻው በር ላይ ሲደርስ ከ4 ተኩል በታች ይወርድ ነበር።

በየሳጥኑ ክዳን ውስጥ የአንባቢውን ተራ ቁጥር፣ የሽቦዎቹን ቀለምና «ሬዚስተር አለው» ወይም «የለውም» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ባለፈው ወር የአራተኛው በር ሰሌዳ ሲቃጠል ጋሼ ወረቀቱን አንብበው፣ ከአዲሱ ሰሌዳ ላይ ሬዚስተሩን ነቅለው ራሳቸው ቀየሩት። የደወሉልኝ ሥራውን ከጨረሱ በኋላ ነው።