ከጨው ሜዳው ፎቶ ላይ የተቆረጠውና የቀረው

ከመቀሌ ተነሥቶ በበርሃሌ በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሐመድ ኤላን አልፎ ወደ አሳሌ የጨው ሜዳ ሲያደርስ፣ ተጓዡ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዷል። በደጋ ሸንተረሩ፣ ዛፉና ደመናው ሥዕሉን በየፊናው ሲደግፉለት የኖረ ፎቶ አንሺ፣ እዚህ ከአንድ ቀጥ ያለ አድማስ በቀር የሚይዘው ነገር አያገኝም። በዚህ ምክንያት በአፋር የነበረኝ ሥራ በአብዛኛው የመቁረጥ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ የተቆረጠው ሰማዩ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሰማዩ በአቧራና በሙቀት ነጥቶ ምንም የማይታይበት ስለሚሆን፣ አድማሱን ወደ ላይኛው ጠርዝ አስጠግቼ ቀሪውን ቦታ ለመሬቱ ሰጠሁት። ጨዉ ሲደርቅ ጠርዙ ከፍ ከፍ ያለ፣ ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጽ ይሠራል፤ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራውን እስከ ጉልበት አውርደው ሲያነሡት ቅርጾቹ ከእግር ሥር ጀምረው እየጠበቡ እስከ አድማስ ይዘልቃሉ። አድማስን ከፎቶው ሲሶ ላይ አስቀምጡ የሚለው የታወቀ ምክር እዚህ ብዙም አልጠቀመኝም። በጨው ሜዳው ላይ ባለው ሐይቅ ዳር ደግሞ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት በማይሞላበትና ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ሰማዩ ከታች ስለሚደገም አድማሱን መሐል ለመሐል ማድረግ ያስኬዳል። በእንዲህ ያለ ፎቶ ጥቂት መዝመም እንኳ ዓይን ይወጋል፤ በኮምፒውተር ማቃናትም ያስከፍላል። ቁመቱና ወርዱ 2 ለ 3 የሆነን ምስል 2 ዲግሪ ብቻ አዙረው ቅርጹን ጠብቀው ቢከረክሙት፣ ከስፋቱ አንድ አሥረኛው ያህል ይጠፋል። ካሜራው ላይ ያለውን ውሃ ልክ አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

በዳሎል ግን እጄን ሰብሰብ አደረግሁ። ቢጫው ድኝና አረንጓዴው የአሲድ ኩሬ ቅረቡ ቅረቡ ቢሉም፣ አድማስና ሰው ከተቆረጡ በኋላ አንድ ስንዝር የሚሆነው ጉብታ ከኮረብታ አይለይም፤ በሩቁ የሚያልፈውን መንገደኛ ሳልቆርጥ የተውሁት ለልኬት ነው።

ከሁሉ ያከራከረኝ የግመሎቹ ፎቶ ነው። አሞሌ ጭኖ ከሰዓት በኋላ ወደ ደጋው የሚመለሰው ቅፍለት ወደ ምዕራብ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ስለሚጓዝ፣ ከኋላ ሲነሣ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናል፤ ርዝመቱ የሚታየው ከጎን ነው። 6000 በ4000 ፒክስል የነበረውን ፎቶ ከላይና ከታች ቆርጬ 6000 በ2000 ሳደርገው፣ ግማሹ ምስል ቢሄድም ሰልፉ ቦታውን አገኘ። ከመሪው ግመል ፊት ብዙ ባዶ ሜዳ ተውሁ፤ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ግመል የደረሰ ይመስላል፣ እነዚህ ግን ገና የቀናት መንገድ ይቀራቸዋል። የቸገረኝ ከሰልፉ ኋላ፣ በስተቀኝ የቆመው የጭነት መኪና ነው። ዛሬ ጨው በመኪናም ይጫናል። መኪናውን ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነው፣ ፎቶውንም ያሳምረዋል፤ ስለ አፋር የምናያቸው ብዙዎቹ ፎቶዎች እንዲሁ የጸዱ ናቸው (እኔም ስመለከታቸው ደስ ይሉኛል)። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ እየጫኑ ግመሉን ብቻ ማሳየት፣ ግመል ነጂው ከማን ጋር ገበያ እንደሚሻማ መሸሸግ መስሎ ተሰማኝ። ስለዚህ መኪናው ያለበትን ቅጂ መረጥሁ፤ ከበስተኋላው ያለውን ባዶ ሜዳ አሳጥሬ፣ ጠርዙ ጋቢናውን እንዳይበላው ጥቂት ቦታ ተውሁለት።