የእማዬ ትንፋሽ

እማዬ 30 ዓመት እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አሳደገችን። ማገዶው ጭራሮና የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ማድቤቱ መስኮት የሌለው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ሐኪሙ ግን ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው፣ ሲኦፒዲ ይባላል አለን።

እኔን የጎዳኝ ሳሏ አልነበረም፤ ዝምታዋ ነው። ጎረቤት ቡና መጥራት ተወች። ከማህበሯ ቀረች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። "ምን ሆንሽ እማዬ?" ስላት "ምንም፣ ደክሞኝ ነው።" እርጅና ነው ብለን ወራት አሳለፍን። እስካሁን ይቆጨኛል። ድብርት ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ፣ በአካል እንቅስቃሴ የምታክማት ባለሙያ፣ ያስተማረቻት የአተነፋፈስ ዘዴ ቀላል ነገር ነው። ሁለት እስኪቆጠር በአፍንጫ መሳብ፣ ከዚያ ከንፈርን አሞጥሙጦ አራት እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ማውጣት፤ ትኩስ ሻይ እፍ እንደማለት። ጭንቁ ማስወጣቱ ላይ ነው። የጠበበው የአየር ቧንቧ ቶሎ ይዘጋና አሮጌው አየር ውስጥ ይቀራል። ከንፈር ሲሞጠሞጥ ቧንቧው ትንሽ ክፍት ሆኖ ይቆያል። እማዬ ስትደነግጥ ቶሎ ቶሎ ትተነፍስ ነበር፤ ያ ያፍናታል፣ መታፈኑ ደግሞ መልሶ ያስደነግጣታል።

መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ ለድብርቱም ሐኪም ያያታል። ትንፋሽ ብቻውን ያድናል የሚሏችሁን አትስሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ አብረን ወጣን። መሃል ላይ ቆመች። ክንዴን ጭምቅ አድርጋ "እፍፍ" አለች፣ ደገመች። ከዚያ የጎረቤቷን በር አንኳኳች፤ "ቡና ጠጪ፣ ነይ!"

በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላሁላቸው። ከሰሉና ዕጣኑ ከቤታችን ከወጡ ቆይተዋል።