በሲቪላይዜሽን 6 ከተሞችን አቀራርቦ መቆርቆር

ሥልጣኔ በሚገነባበት የኮምፒውተር ጨዋታ በሲቪላይዜሽን 6፣ በሁለት የከተማ ማዕከሎች መካከል ቢያንስ ሦስት ታይል (የካርታው ባለ ስድስት ጎን ክፍል) መኖር አለበት፤ አራተኛው ላይ መቆርቆር ይፈቀዳል። ብዙ ተጫዋች ግን ድንበራቸው እንዳይነካካ ብሎ ከተሞቹን ስድስትና ሰባት ታይል ያራርቃቸዋል። ይህ ትልቅ ብክነት ነው። አንድ ከተማ በዙሪያው እስካለው ሦስተኛ የታይል ቀለበት ድረስ 36 ታይል ሊጠቀም ይችላል፤ በአንድ ታይል ላይ የሚሠራው ግን አንድ ነዋሪ ነው። 10 ሕዝብ ያለው ከተማ ቢበዛ 10 ታይል ይሠራል፤ የቀረው መሬት ጦሙን ያድራል።

ጨዋታውን የሚያሸንፈው የዲስትሪክት፣ ማለትም ታይል ላይ የሚሠራ ልዩ የከተማ ክፍል፣ ብዛት ነው። የመጀመሪያው በ1 ሕዝብ፣ ሁለተኛው በ4፣ ሦስተኛው በ7 ይፈቀዳል፤ እንዲህ በሦስት በሦስት ይቀጥላል። 14 ሕዝብ ያለው አንድ ከተማ 5 ዲስትሪክት ይይዛል፤ ሰባት ሰባት ሕዝብ ያላቸው ሁለት ከተሞች ግን 6። ደግሞ አንድ ከተማ ሁለት ካምፓስ (የሳይንስ ዲስትሪክት) መሥራት አይችልም፤ ሁለት ከተሞች ይችላሉ።

ጋዘሪንግ ስቶርም የተባለው የጨዋታው ማስፋፊያ ላላችሁ፣ የአራት ታይል ርቀት ሌላ ቦታ የማይገኝ ጥቅም አለው። በሁለቱ ማዕከሎች መካከል ያሉትን ሦስት ታይሎች በቅደም ተከተል አኩዌደክት (የውሃ ማስተላለፊያ ዲስትሪክት)፣ ኢንዱስትሪያል ዞን (የምርት ዲስትሪክት)፣ አኩዌደክት አድርጓቸው። እያንዳንዱ አኩዌደክት ለዞኑ +2 ስለሚሰጥ፣ ከሁለቱ ብቻ +4 ፕሮዳክሽን (የመሥሪያ አቅም) ይገኛል። ርቀቱ አምስት ከሆነ አንድ ዞን ሁለቱንም ሊነካ አይችልም። አኩዌደክት የራሱን ከተማ ማዕከል፣ እንዲሁም ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ኦአሲስ ወይም ተራራ መንካት ስላለበት፣ ከተማ የሚቆረቁረው ሴትለር ከመነሳቱ በፊት ቦታዎቹን ካርታው ላይ በፒን ምልክት አድርጉ። አንድ ታይል ስታችሁ ከቆረቆራችሁ በኋላ ማረሚያ የለም።

ሴትለር በመደበኛ ፍጥነት 80 ፕሮዳክሽን ይፈጃል፤ ቀጣዩ 110፣ ከዚያ 140 እያለ ይወደዳል። አንድ ነዋሪም ይወስዳል፤ ስለዚህ 1 ሕዝብ ብቻ ያለው ከተማ ሊያወጣው አይችልም። ጠቅላላ ሕዝባችሁ 6 ሲደርስ የኧርሊ ኢምፓየር ጥናት ይፋጠናል፤ እሱ የሚከፍተው ኮሎናይዜሽን የተባለ የፖሊሲ ካርድ ለሴትለር +50% ፕሮዳክሽን ይሰጣል። ካርዱን ይዞ ሴትለሮችን በተከታታይ ማውጣት ያዋጣል። ሴትለርን ያለ አጃቢ ጦር ግን አትላኩ፤ ባርባሪያን (የማንም ያልሆነ ወራሪ) ይማርከዋል።

ማቀራረብ ውሃን አያስረሳም። ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ከተማ በ5 ሀውሲንግ (ሕዝብ የመያዝ አቅም) ይጀምራል፣ ባሕር ዳር በ3፣ ውሃ የሌለው ቦታ በ2። ሕዝቡ ከሀውሲንጉ አንድ ብቻ ሲጎድል ዕድገቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ደረቅ ቦታ ላይ ያለ ከተማ እዚያ የሚደርሰው ገና ሲጀምር ነው።

ከ2018ቱ ማስፋፊያ ራይዝ ኤንድ ፎል ጀምሮ ደግሞ ሎያሊቲ፣ ማለትም የከተማ ታማኝነት፣ አለ። እስከ 9 ታይል ያሉ ከተሞች ሕዝብ ጫና ያሳድራል፤ በእያንዳንዱ ታይል ርቀት ጫናው 10% ይቀንሳል። ተቀራርበው የተቆረቆሩ ከተሞች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ ጎረቤት ድንበር ላይ ለብቻው የተተከለ ከተማ ግን ያምፃል።

በ2020 ወደ ጨዋታው በገባችው ኢትዮጵያ የምትጫወቱ ከሆነ ኮረብታን አስቀድሙ። ዳግማዊ ምኒልክ ኮረብታ ላይ ለተቆረቆረ ከተማ ከሚያመነጨው ፌይዝ (የእምነት ነጥብ) 15% ያህል ሳይንስና ካልቸር ይጨምራሉ። ለዚህ ሲባል ርቀቱ ከአራት ወደ አምስት ቢሰፋ አያስቆጭም።