ዜሮ የሚመዝን ቡና

ሐጂ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና መሃሉን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ እኔ ሦስት ጆንያ እሸት ነው ያስረከብኩት። ይህ ወረቀትህ ዜሮ ኪሎ ይላል። ለመሆኑ ዜሮ የሚመዝን ቡና የት አይተህ ታውቃለህ?»

የትም አላየሁም። ደረሰኙን ያተመው ግን እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ስሙ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ የጣቢያው ቁጥር ትክክል፤ ክብደቱ ዜሮ፣ ክፍያውም ዜሮ። በስህተት መዝገቡ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አልሰፈረችም። ሐጂ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን መልሱን ከልብ የሚፈልጉ ይመስል ዝም ብለው ይጠብቁኛል።

ጊዜው ኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው፤ ለቀማው የጦፈበት ሰሞን። ጅማ ውስጥ ለአንድ ቡና ሰብሳቢ እሠራ ነበር። በማናና በጎማ ወረዳዎች ሦስት መረከቢያ ጣቢያዎች አሉት። በየጣቢያው ያለችው ጸሐፊ ገበሬው ያመጣውን እሸት አስመዝና በስልኳ ትመዘግባለች፤ ኔትወርክ ሲገኝ ስልኩ መዝገቡን በጄሰን (JSON፦ እያንዳንዱን መረጃ ከስሙ፣ ማለትም ከ«ቁልፉ» ጋር የሚያሰፍር የጽሑፍ ቅርጽ) ጽፎ ፈረንጅ አራዳ ወዳለው ቢሯችን ይልካል። የስልኩን መተግበሪያ የሠራው ሌላ ልጅ ነው። የእኔ ድርሻ ተቀባዩ ነበር፦ የመጣውን ጽሑፍ ጎ (Go) ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዓይነቶች፣ ማለትም ቁጥሩ እንደ ቁጥር፣ ቀኑ እንደ ቀን ወደሚያዝባቸው ቅርጾች መለወጥ፣ ሒሳቡን መሥራት፣ ውጤቱን እንደገና በጄሰን ጽፎ ለስልኩ መመለስ።

ከጣቢያ የሚመጣው መልእክት ይህን ይመስላል፦

{"ቁጥር": 20160301030000127, "ጣቢያ": 3, "ክብደት": 138.5, "ቀን": "2016-03-01"}

ቁልፎቹ በአማርኛ የሆኑት ጸሐፊዎቹ ችግር ሲያጋጥማቸው ጥሬውን መልእክት ስልካቸው ላይ ከፍተው እንዲያነቡት ብለን ነው። ዛሬም አልጸጸትበትም፤ መጀመሪያ ላይ ግን ሁለት ሌሊት አስከፍሎኛል። ቁልፎቹ በአማርኛ ከሆኑ የስትራክቱ (መረጃዎቹ በጎ ቋንቋ አንድ ላይ የሚያዙበት ቅርጽ) መስኮችስ ለምን አይሆኑም ብዬ በፕሮግራሙ ውስጥም «ክብደት»፣ «ቀን» እያልኩ ሰየምኳቸው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበለው። ወደ ጄሰን ስለውጠው የወጣው ግን ባዶ ቅንፍ ነው፦ {}። ምንም የለበትም። ወደ ውስጥ ሳነብበትም መስኮቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ይቀራሉ።

ነገሩ የፊደል ጉዳይ ነበር። በጎ ቋንቋ አንድ መስክ ከራሱ ጥቅል (ከተጻፈበት የኮድ ክፍል) ውጭ እንዲታይ ስሙ በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት፤ ጄሰንን የሚያነብበትና የሚጽፍበት ዝግጁ ኮድ፣ ላይብረሪውም፣ የሚነካው የሚታዩትን መስኮች ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። ሀ ምንጊዜም ሀ ነው። ስለዚህ በጎ ቋንቋ ዓይን በአማርኛ የተሰየመ መስክ ሁሉ የተደበቀ ነው። መፍትሔው የመስኩን ስም በላቲን ትልቅ ፊደል ጀምሮ፣ የአማርኛውን ቁልፍ በመለያነት ከጎኑ መለጠፍ ነው። ቋንቋውን እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረጉት የጉግል ሰዎች ስለ ግእዝ ፊደል አስበው ነበር ብዬ አልጠብቅም፤ ቢያንስ ግን ባዶ ቅንፍ ፈንታ አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት?

ይህ ዝምታ ነው በኋላ ሐጂን ጠረጴዛዬ ድረስ ያመጣቸው። የመተግበሪያው ሠሪ በአዲሱ እትም ላይ «ክብደት» የሚለውን ቁልፍ «ሚዛን» ብሎት ነበር። ለእሱ የቃል ማሳመር ነው፤ ለእኔም አልነገረኝም። አዲሱን እትም ቀድማ የጫነችው የሦስተኛው ጣቢያ ጸሐፊ ናት። የእኔ ፕሮግራም «ሚዛን» የሚባል ቁልፍ አያውቅምና ዘለለው፤ «ክብደት» የሚባለው ደግሞ ስላልመጣ መስኩ በተወለደበት ዋጋ ቀረ። በጎ ቋንቋ ቁጥር ሲወለድ ዜሮ ነው። ስለዚህ «አልተነገረኝም» እና «ዜሮ ነው» አንድ መልክ ያዙ። በሦስት ቀን ከዚያ ጣቢያ የገባው ቡና ሁሉ በመዝገባችን ላይ አንድም ኪሎ አልነበረውም።

ያዳነን የጸሐፊዋ ደብተር ነው። ስልክ ቢሰጣትም በካርቦን መጻፍ አልተወችም ነበር፤ ቅጂው አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለእሷ። ሐጂም የካርቦን ቅጂያቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ከእኔ ደረሰኝ ጎን አስቀመጡት። 138 ኪሎ ተኩል። የሦስት ቀኑን መዝገብ ከደብተሩ ላይ እያነበበችልኝ በእጄ አስገባሁ። እኔ ጥሬውን መልእክት ሳላስቀምጥ አንብቤ መጣሌ የገባኝ ያኔ ነው። አሁን መልእክቱ እንደመጣ፣ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ ከማንኛውም ትርጉም በፊት ይቀመጣል። የዲስክ ቦታ ከሐጂ ድካም ይረክሳል።

ቀጥሎ ዓይነቶቹን ለሁለት ከፈልኳቸው። አንደኛው የደጅ ዓይነት ነው፤ ጄሰኑን እንደመጣ የሚቀበል። በእሱ ውስጥ ግዴታ የሆነ መስክ ሁሉ ፖይንተር ነው፣ ዋጋው ያለበትን ቦታ ብቻ የሚጠቁም፤ ቁልፉ ካልመጣ ፖይንተሩ ባዶ ይሆናል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ሁለተኛው የቤት ዓይነት ነው፤ ፖይንተር የሌለበት፣ ሒሳቡ የሚሠራበት። ከደጅ ወደ ቤት የሚያሻግር አንድ ተግባር አለ፤ እሱ ነው «ክብደቱ የታለ?» ብሎ የሚጠይቀው። ካላገኘ መልእክቱን ለብቻ አስቀምጦ ለእኔ ስልክ ጽሑፍ ይልካል። ኮዱ ረዘመ፤ አንድ ጓደኛዬም «አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ትጽፋለህ» ብሎ ቀልዶብኛል። ይቀልድ።

እግረ መንገዴን ደግሞ ከመጠን በላይ ጠነከርኩ። የጎ ላይብረሪ የማያውቀው ቁልፍ ሲመጣ ስህተት እንዲያሰማ ማድረግ ይቻላል፤ አንዲት መስመር ናት፤ ጨመርኳት። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ «ጥራት» የሚባል አዲስ ቁልፍ አከለ። ተቀባዬ አዲሱን እትም ከጫኑ ስልኮች የሚመጣውን ሁሉ አልቀበልም ብሎ መለሰ። ጸሐፊዋ ደወለችልኝ፦ «ወንድሜ፣ ስልኬ ተልኳል ማለት ካቆመ ሁለት ቀኑ ነው። ገበሬው ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ ምን ልበለው?» መስመሯን አነሳኋት። ያልታወቀ ቁልፍ አሁን በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፋል፤ የጎደለ ግዴታ ግን አያልፍም። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጌ ማየቴ ነበር ስህተቱ።

ማስጠንቀቂያው ወዲያው አንድ አስቂኝ ነገር አወጣ። በአንደኛው ጣቢያ የመዝጋቢዋ ስም ሁልጊዜ ባዶ ነበር። እኔ ቁልፉን «ጸሐፊ» ብዬዋለሁ፤ ልጁ «ፀሐፊ» ብሎታል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ጸ እና ፀ እንደ በ እና ተ የተራራቁ ናቸው። ጎ በላቲን ፊደል ቢሆን ትልቁንና ትንሹን ሳይለይ ቁልፉን ያዛምድልህ ነበር፤ ለሁለቱ ጸዎች፣ ለሦስቱ ሀዎች ግን የሚያስታርቅ የለም። የቁልፎቹን ዝርዝር በአንድ ፋይል ጽፈን ሁለታችንም ከዚያ ብቻ እንድንገለብጥ ተስማማን። ማንም በእጁ አይጽፍም።

ቁጥሮቹ የራሳቸው ጣጣ ነበራቸው። ከላይ ያሳየሁት የደረሰኝ ቁጥር 17 አሃዝ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ጣቢያ፣ ተራ። በስትራክቱ ውስጥ ባለ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ችግር አልነበረበትም። ችግሩ የመጣው ተደጋጋሚ ደረሰኝ የምትለይ ትንሽ ፕሮግራም ስጽፍ፣ ስንፍና ይዞኝ ዓይነት ሳልሰጥ «ማንኛውም ዋጋ» ወደሚባለው ያነበብኩ ጊዜ ነው። ጎ ዓይነቱ ያልተነገረውን የጄሰን ቁጥር ሁሉ ነጥብ ያለው ባለ 64 ቢት ቁጥር ያደርገዋል፤ ይህ ዓይነት ደግሞ ሙሉ ቁጥሮችን አንድም ሳያስት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መዝለል ይጀምራል፤ በእኛ ቁጥር መጠን በአራት በአራት። በ126፣ 127፣ 128፣ 129 እና 130 የሚያልቁት አምስት ደረሰኞች ሁሉም በ128 የሚያልቅ አንድ ቁጥር ሆኑ። ፕሮግራሟም በኩራት «አራት ተደጋጋሚ ተገኝቷል» አለችኝ። አራት ገበሬ ልሰርዝ ነበር። አሁን ቁጥሩ በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንደ ጽሑፍ ነው የሚጓዘው፤ የማይደመርና የማይባዛ ነገር ቁጥር ተብሎ መላኩ ከመጀመሪያውም ትርጉም አልነበረውም።

ክብደቱንና ገንዘቡንም በነጥብ ቁጥር መያዝ ተውኩ። በዚያ ዓይነት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይመጣል፤ ይህን ለሐጂ ማስረዳት አልፈልግም። ክብደት በግራም፣ ገንዘብ በሳንቲም፣ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር። ግራም የራሱ ዓይነት ሆነ፤ በጎ ቋንቋ አንድ ዓይነት ጄሰንን የሚያነብበትን ዘዴ ራሱ ይዞ ከመጣ ላይብረሪው ሥራውን ለእሱ ይለቅለታል። የእኔ ግራም «138.5» የሚለውን ጽሑፍ በነጥብ ቁጥር ሳያሳልፍ በቀጥታ 138,500 ያደርገዋል። እግረ መንገዱን አንድ ሌላ ነገርም ፈታ፦ አንዱ ጣቢያ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሲረከብ የሚጽፈው በፈረሱላ ነው፤ 10 ሲል 170 ኪሎ ማለቱ ነው። ጄሰን ለዚህ ደንታ የለውም። ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነትና ሐሰት፣ ባዶ፣ ዝርዝር፣ ባለቁልፍ ስብስብ፤ ከእነዚህ ስድስት ሌላ አያውቅም። ኪሎም ፈረሱላም ብርም ቀንም በዓይነቱ ውስጥ እኛው ራሳችን የምናኖራቸው ናቸው።

ቀኑ ከሁሉም ያስደነገጠኝ ነው፤ ምክንያቱም ለሳምንታት ትክክል ይመስል ነበር። የጎ የጊዜ ዓይነት ቀንን ከነሰዓቱ ካልሆነ ከጄሰን አይቀበልም፤ ስለዚህ ቀኑን ብቻ የሚያነብ አጭር ዘዴ ጻፍኩለት። «2016-03-01» ገባ፣ ደረሰኙም ላይ «2016-03-01» ሆኖ ወጣ። ምን የሚያሳስብ ነገር አለ? ከዚያ ለገበሬ በብድር የተሰጠ የቆየ የቅድሚያ ክፍያ ከደብተር ስናስገባ «2015-13-06» መጣና ፕሮግራሙ ወሩ ከልክ በላይ ነው ብሎ ጮኸ። ጳጉሜን 6። የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይቀራል። ጩኸቱን ስከታተል ነው ያልጮኹት የተገለጡልኝ፦ ፕሮግራሜ ኅዳር 1 ቀን 2016ን በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 2016 ብሎ ይዞታል። ትክክለኛው ኖቬምበር 11 ቀን 2023 ነው። ሲወጣ በገባበት መልክ ስለሚወጣ ማንም አላየውም፤ ከዛሬ ጋር ሲነጻጸር ብቻ የትናንት ብድር ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈው ይሆናል። ስለዚህ የእኛን ቀን የሚያውቅ የራሱ ዓይነት ሠራሁ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ አሥራ ሦስተኛውን ወር አምስት ወይም ስድስት ቀን የሚሰጥ። ከ2012 እስከ 2016 ያለውን እያንዳንዱን ቀን ወደ ጄሰን ጽፎ፣ መልሶ አንብቦ፣ ከመነሻው ጋር የሚያስተያይ ፈተናም አለው። በፈረንጅም የሚታወቁ ጥቂት ቀኖች ጨመርኩበት፤ ደርሶ መልስ ብቻውን ስህተትን በሰላም ሊያመላልስ እንደሚችል አይቻለሁና።

ቀርቶ የነበረው መመለሻው መንገድ ነው፤ ከዓይነት ወደ ጄሰን። መልእክቱ እንዲያጥር ብዬ በመለያዎቹ ላይ «ባዶ ከሆነ ተወው» የሚለውን ምልክት ለጥፌ ነበር። ጎ ዜሮንም ባዶ ይለዋል። ስልኩ ደግሞ የደረሰውን ቁልፍ ብቻ ነው የሚያድሰው፤ ያልደረሰውን እንደነበረ ይተወዋል። ጥር ላይ ሐጂ የቅድሚያ ክፍያቸውን ጨርሰው መለሱ። «ቀሪ ዕዳ» ዜሮ ሆነ፤ ዜሮ በመሆኑ ከመልእክቱ ተሰረዘ፤ የጣቢያው ስልክም የድሮውን ዕዳ ማሳየቱን ቀጠለ። ጸሐፊዋ በደብተሯ ላይ እንደተከፈለ አይታ ነው የደወለችልኝ። ምልክቱን ከገንዘብና ከክብደት መስኮች ሁሉ ላይ አነሳሁ።

አዲሱን ደረሰኝ ራሴ ጣቢያው ድረስ ወሰድኩላቸው። ሐጂ አዩት፤ እንደ ባለፈው መሃሉን በጣታቸው መታ አደረጉት።

«ይኸኛውስ ዜሮ የምንድን ነው?»

«የዕዳዎ ነው፣ ሐጂ። አልቋል።»

«እንግዲያስ» አሉ ወረቀቱን እያጣጠፉ፣ «ይኼን እንዳታጠፋው።»